ዝናብ እየለመንን ውሃ ስንከለክል

ነገሩ የጀመረው በአንድ ጁምዓ ነው። ዘመኑ 2014 ዓ.ም.፣ ወሩ ሚያዝያ፣ ረመዳን ሊጋመስ የተቃረበበት ቀን ነበር። ከሶላት በኋላ ከመስጊዱ ኮሚቴ አባላት አንዱ ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው ስለ ቦረናና ስለ ሶማሌ ክልል ድርቅ ነገሩን። ዝናቡ በተከታታይ እንደቀረ፣ ከብቱ እንዳለቀ፣ እናቶች ልጅ አዝለው ለአንድ ጀሪካን ውሃ ቀን ሙሉ እንደሚጓዙ ሲናገሩ መስጊዱ ጸጥ አለ። ከዚያ በሰልፉ መካከል ኩታ ተዘረጋና ሁሉም እንደ አቅሙ ጣለ። እኔም ጣልኩ። እውነቱን ለመናገር ከወትሮው ከፍ አድርጌ ነበር የሰጠሁት፤ ስሰጥም ደስ ብሎኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ወንጀላችን ነው ልጄ፣ ሌላ ምንም አይደለም» አሉኝ። «ልክ ነው አባባ» ብያቸው ጫማዬን ፈልጌ ወጣሁ።

ቤቴ ስደርስ ከእኛ በታች ባለው ግቢ የሚኖሩ እናት ሁለት ባዶ ቢጫ ጀሪካን አጠገባቸው አስቀምጠው በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ክርስቲያን ናቸው፤ እርሳቸውም ጾመኛ ነበሩ። በዚያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገናኝተው ነበርና ሆሳዕና የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «ልጄ፣ አትቀየመኝ እንጂ የእናንተ ሞተር ሲነሳ የእኛ ቧንቧ አየር ብቻ ነው የሚተነፍሰው። ዛሬ ተራችን ነበር፤ ጠብ ሳትል ቀረች» አሉኝ።

አንባቢዬ የአዲስ አበባ ሰው ከሆነ ነገሩን ለማብራራት ብዙ አልደክምም። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ለገዳዲ፣ ገፈርሳና ድሬ ግድቦች ከአቃቂ ጉድጓዶች ጋር ተደምረው ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አልበቃ ካሉ ቆይተዋል። ስለዚህ አቅም ያለው ሮቶ ይሰቅላል፤ ትንሽ ጨመር ያለ አቅም ያለው ደግሞ ፓምፕ ያስገባል። የእኔ ሮቶ ሁለት ሺህ ሊትር ይይዛል። ፓምፑ ውሃውን የሚስበው በቀጥታ ከመስመሩ ላይ ስለሆነ፣ ውሃ በመጣ ሰዓት እርሱ ከተነሳ በዚያው መስመር ላይ ያለ ፓምፕ የሌለው ቤት ባዶውን ያድራል። ይህን አላውቅም ነበር ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። አውቅ ነበር፤ ግን አስቤው አላውቅም። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳሁት ያን ቀን ነው።

ሁለቱን ጀሪካን ከሮቶው ሞላሁላቸው። ልጄ ተሸክሞ አደረሰላቸው። «አንጀቴን አራስከው፣ ፈጣሪ ያርስልህ» ብለው መረቁኝ። ማታ ላይ፣ ለፊጥራ ቴምሩንና ውሃውን ይዤ መግሪብን ስጠብቅ፣ ያ ምርቃት ተመልሶ መጣብኝ። ለመሆኑ እኔ ለእኚያ እናት የሰጠኋቸው ውሃ የማን ነበር? በተራቸው ቀን፣ በቧንቧቸው ሊደርሳቸው የነበረውን ውሃ በሞተር ስቤ ሮቶዬ ውስጥ ከትቼ፣ ከዚያ ላይ አርባ ሊትር ቀንሼ እንደ ሰደቃ ሰጠኋቸው፤ እርሳቸውም መረቁኝ። የገዛ ሐቃቸውን ለምነው ወስደው አመሰገኑኝ።

ይህ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም፤ ዛሬ ይህን እንድጽፍ ያደረገኝም እርሱ ነው።

ሰዎች በሦስት ነገር ሸሪኮች መሆናቸውን የሚያስተምረውን የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ሦስቱ ነገሮች ውሃ፣ ግጦሽና እሳት ናቸው። በአንዱ ዘገባ «ሙስሊሞች»፣ በሌላው «ሰዎች» ተብሎ መጥቷል። እኔ ለብዙ ዓመት የማውቀው እንደ መልካም ምክር ነበር፤ ሦስቱ ነገሮች ለምን አብረው እንደተጠሩ ጠይቄ አላውቅም። ድርቅ ግን ጥያቄውን በራሱ ይመልሰዋል። ድርቅ ሲገባ የሚነካው እነዚህኑ ሦስቱን ነው፤ ውሃው ይጎድላል፣ ሳሩ ይጠፋል፣ እሳቱ ደግሞ ከልኩ ያልፋል። በደግ ዘመን ሽርክናው ምንም አያስከፍልም። ወንዙ ሞልቶ ሳለ «ጠጣ» ማለት ለማንም ቀላል ነው። ሸሪክ መሆናችን የሚፈተነው ሲጎድል ነው።

በፊቅህ መጻሕፍት የተጻፈውን ስመለከት ግን መጀመሪያ ያገኘሁት ለእኔ የሚመች ነገር ነበር። ሊቃውንቱ ውሃን ይከፋፍሉታል። የወንዝና የባሕር ውሃ የማንም አይደለም። በሰው መሬት ላይ ያለ ጉድጓድ ውሃ ባለቤቱ ይቀድምበታል፤ ከፍላጎቱ የተረፈውን ግን ለተጠማ ሰውና እንስሳ መከልከል አይፈቀድለትም። በዕቃ ተቀድቶ የተያዘ ውሃ ደግሞ የቀዳው ሰው ንብረት ነው፤ ሊሸጠውም ይችላል። «እንግዲህ ሮቶ ዕቃ አይደለምን?» አልኩ ለራሴ። ሕጉ ከእኔ ጋር ነው ብዬ አንድ ሁለት ቀን ቀለል አለኝ።

ያ ማቅለያ ብዙ አልቆየም። የዕቃው ሕግ የተነገረው በትከሻው ተሸክሞ፣ ደክሞ ለቀዳ ሰው ነው፤ እርሱ አንድ እንስራ ሲሞላ ወንዙ አይጎድልም፣ ከኋላው የሚመጣውም ቀድቶ ይሄዳል። የእኔ ዕቃ ግን የሚሞላው የሌላው ዕቃ ባዶ እንዲሆን በማድረግ ነው። ሕግ የፈቀደውን ነገር ማድረግና ሐቅን መጠበቅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ናቸው። ድርቅ ሲመጣ ይለያያሉ፤ በዚያ መለያያ ላይ ሰው የሚመርጠው ብቻውን ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ንግግር ልመለስ። ወንጀላችን ነው ብለው ነበር። በመስጊድ የተማርነው ነው፤ ነቢዩላህ ኑሕ (ዐ.ሰ.) ለሕዝባቸው ምሕረትን ለምኑ፣ ዝናቡ ይመጣላችኋል ብለው እንደመከሩ ቁርኣን ይነግረናል። በየብስም በባሕርም ጥፋት የተገለጠው የሰው እጅ በሠራው ነው ተብሎም ተነግሯል። ይህን አልክድም። የምጠይቀው «እኛ» ሲባል ማንን እንደሆነ ነው። ወንጀሉ የእኛ ከሆነ ቅጣቱ ለምን በቦረና እረኛ ላይ ወረደ?

በቦረና የዝናብ ወቅቶች ሁለት ናቸው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ገና እና ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚጥለው ሐገያ። በ2013 ዓ.ም. ከነበረው ሐገያ ጀምሮ እስከ 2015ቱ ሐገያ ድረስ አምስት ወቅት በተከታታይ ቀረ። በአርባ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አልታየም ተባለ። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። ሊቃውንቱ አንደኛውን ምክንያት በሩቅ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ሦስት ዓመት በተከታታይ በቆየው ላ ኒኛ በሚሉት የባሕር መቀዝቀዝ ላይ ያገኙታል። ሌላውን ግን በሰው እጅ ላይ ነው የሚያገኙት። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ጥናት፣ ሰው ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ በማቃጠል ምድርን ማሞቁ እንዲህ ያለ ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ መቶ እጥፍ እንዳሳደገው አስልቷል። ዝናቡ ማነሱ ብቻ አይደለም፤ የወደቀውን ጥቂት ውሃ ደግሞ ሙቀቱ ከአፈሩና ከሳሩ ላይ መልሶ ጠጣው። ምድር ባትሞቅ ኖሮ ያው ዝናብ ድርቅ ባልሆነ ነበር ይላሉ።

እንግዲህ የሰው እጅ ነው ካልን የማን እጅ ነው? ቦረና መኪና አያበዛም፣ ፋብሪካ የለውም። በዓለም ላይ እሳት ያነደዱት ሌሎች ናቸው፤ ሙቀቱ የደረሰው ግን እርሱ ዘንድ ነው። በእኔ ፓምፕና በጎረቤቴ ቧንቧ መካከል የሆነው ነገር ይኸው ነው። ስለዚህ «ወንጀላችን ነው» የሚለው ቃል በሁለት መንገድ ሊነገር ይችላል። አንዱ ራስን መርምሮ መናገር ነው። ሌላው ግን ሁሉንም ሰው እኩል ወንጀለኛ አድርጎ፣ በዚያ ብዛት ውስጥ የራስን ድርሻ መደበቅ ነው። እኔ በዚያ ጁምዓ «ልክ ነው አባባ» ያልኩት በሁለተኛው መንገድ ነበር።

ደግሞም የዝናብ መቅረት እና የሰው መራብ አንድ ነገር አይደሉም። ይህን በደንብ ያሳየን የራሳችን ወሎ ነው። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናታቸው የ1965-66ቱን የወሎ ረሃብ መርምረዋል። የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል አልወደቀም ነበር፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንኳ እንደሚጠበቀው አልናረም። ከወሎ እህል ተጭኖ ይወጣ ነበር። ሰዎቹ የሞቱት አዝመራቸው ሲጠፋ መግዣ ስላጡ ነው። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም እስኪታይ ድረስ ነገሩ ተሸፋፍኖ ነበር። ሰማዩ ዝናብ ከልክሎ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የከለከለው ግን ሰው ነው።

በዚያው ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል አፋሮች ነበሩ። የእነርሱ ታሪክ ከሦስቱ ነገሮች ሁለተኛውን፣ ግጦሽን ይመለከታል። አፋር ድርቅን ያውቀዋል፤ ድርቅ ሲመጣ ወደ አዋሽ ዳር ይወርዳል። ያ የወንዝ ዳር ሳር የክፉ ቀን መጠባበቂያው ነበር። ከድርቁ በፊት በነበሩት ዓመታት ግን የዚያ መሬት ደኅነኛው ክፍል ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ተሰጠ። በላይኛው አዋሽ ከረዩዎችም እንደዚሁ የመተሐራ ሸንኮራ መጣባቸው። በደግ ዓመት ይህ ብዙም ላይታይ ይችላል፤ መስኩ ሰፊ ነው፣ ከብቱ ሌላ ቦታ ይግጣል። ዝናቡ ሲቀርና አፋሩ ከብቱን ነድቶ ወደ ወንዙ ሲወርድ ነው አጥሩን ያገኘው። እርሻው ለአገር ይጠቅማል ተባለ፤ ይጠቅም ይሆናል፣ ስኳሩን እኔም በሻይ ጠጥቼዋለሁ። ነገር ግን ሸሪኩን ሳያማክር የጋራውን ንብረት የሸጠ ሰው ትርፉ ቢበዛ እንኳ ሸሪኩን እንደበደለ ነው።

ስለ እሳት ደግሞ የራሴን ትዝታ ልናገር። በ1992 ዓ.ም. ተማሪ ነበርኩ። በየካቲት ወር የባሌና የቦረና ደኖች ተያያዙ። ሐረና ያ ጥቅጥቅ ያለ፣ በደግ ዘመን ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ደን፣ ነደደ። ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ እንደተቃጠለ ተገምቷል። ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የአገሩ ሰዎች ቅጠልና አካፋ ይዘው ተዋጉ፤ ከዩኒቨርሲቲም ተማሪዎች እየተመዘገቡ ሄዱ። በመጨረሻ የሰው ድካምና የወቅቱ ዝናብ ተጋግዘው አጠፉት። እኔ ፈተና ነበረብኝና አልሄድኩም። የሄዱት ጓደኞቼ ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ልብሳቸው ጢስ ጢስ እየሸተተ ነበር። በዚያው ዓመት በጎዴ ሕፃናት በረሃብ ይሞቱ ነበር። ያው አንድ ድርቅ በአንድ በኩል ሕፃናቱን ውሃና ወተት ነሥቶ በሌላ በኩል ደኑን ማገዶ አደረገው።

እሳቱን ማን ለኮሰው? ለእርሻ መሬት የሚመነጥር፣ ማር የሚቆርጥ፣ አዲስ ሳር እንዲበቅልለት አሮጌውን የሚያቃጥል፤ ሁሉም በየዓመቱ የሚያደርገውን ነገር ነበር ያደረገው። በእርጥብ ዓመት ያ እሳት በደኑ ጠርዝ ላይ ይሞታል። በድርቅ ዓመት ግን አይቆምም። የፊቅህ ሊቃውንት በነፋስ ቀን በራሱ መሬት ላይ እሳት ለኩሶ የጎረቤቱን አዝመራ ያቃጠለ ሰው ካሣ ይከፍላል ሲሉ ይህንን ማለታቸው ይመስለኛል። መሬቱ የራሱ መሆኑ አላዳነውም። የአንድ ሥራ ሚዛን ሥራው ብቻ አይደለም፤ የተሠራበት ዘመንም ነው። ፓምፔም በክረምት፣ መስመሩ ሞልቶ ሲመጣ ቢነሳ ማንንም አይጎዳ ይሆናል።

እዚህ ላይ ለጎንዮሽ አንድ ነገር ላንሳ፤ እሳት ሁሉ ጥፋት እንዳይመስለን። ቦረና ከጥንት ጀምሮ መስኩን በወቅቱና በምክክር ያቃጥል ነበር። ቁጥቋጦው እንዳይበዛ፣ ሳሩ እንዲታደስ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ይህ በመንግሥት ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ግራሩና ቁጥቋጦው ሳሩን እየዋጠ እንደመጣ አጥኚዎች ጽፈዋል። ከተማ ላይ የተቀመጠ ሰው በበጎ ሐሳብ የሚያወጣው ክልከላ እንዲህም ያደርጋል።

ቦረናን ካነሳሁ አይቀር ስለ ጉድጓዶቻቸው ሳልናገር አላልፍም። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች በዱብሉቅና በሌሎችም ቦታዎች ይገኛሉ። ወንዶች ከታች እስከ ላይ በመሰላል ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ውሃውን ያወጣሉ። ጉድጓዱ ጎሣ አለው፤ የቆፈረው ይታወቃል። ቢሆንም ውሃው አይሸጥም። የዕለቱን ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ። በበጋ ላም የምትጠጣው በየሦስት ቀኑ ነው፤ የማን መንጋ በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ እርሱ ያውቃል። በዚያ ክፉ ዓመት ከብቶቻቸው አልቀው በዱብሉቅ መጠለያ የሰፈሩት ሰዎች ከእነዚህ ሕግ አክባሪዎች መካከል ናቸው። ሥርዓታቸው ከድርቁ አላዳናቸውም። ይህን ልሰውረው አልፈልግም፤ ተራ መጠበቅ ዝናብ አያመጣም።

ተራ አለመጠበቅ የሚያመጣውን ግን በሐረማያ አይተናል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የተጓዘ ሁሉ ያንን ሐይቅ ያስታውሰዋል፤ በመንገዱ ዳር ተኝቶ፣ ወፎቹ በላዩ ላይ። እኔም በልጅነቴ አባቴ ሐረር ዘመድ ጥየቃ ሲወስደኝ በመኪና መስኮት አይቼዋለሁ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ውሃዋን ከዚያ ታገኝ የነበረችው ሐረር ከድሬዳዋ አቅጣጫ፣ ከሩቅ በቧንቧ እስኪመጣላት ድረስ ብዙ ተሰቃየች። ምክንያቱ አንድ አልነበረም፤ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለል ነበረበት፣ ሙቀቱ ነበረበት፣ የከተሞቹ መጠጥ ነበረበት። ከሁሉም ጋር ግን ጫቱን፣ ድንችና አትክልቱን የሚያጠጡት ፓምፖች ነበሩበት።

ከእነዚያ ፓምፕ ባለቤቶች መካከል ሌባ አልነበረም። እያንዳንዱ የራሱን ማሳ፣ በራሱ ሞተር፣ በራሱ ነዳጅ ነበር የሚያጠጣው። ልጆቹን ያስተምራል፣ ዘካ ያወጣል፣ ሐጅ ለማድረግ ያጠራቅማል። እያንዳንዱ የወሰደው ጥቂት ነው። ሐይቁ ግን ሞተ። ታዲያ ማን ገደለው? አንድ ሰው ጠርተን «አንተ ነህ» ልንለው አንችልም፤ «ማንም አይደለም» ማለትም አንችልም። ይህ ጥያቄ ከድሮው የወንጀል አስተሳሰባችን ውጪ የሚመጣ ነው። እኛ ወንጀል ስንል አንድ ሰው አንድን ሰው ሲበድል ማለታችን ነው። ሺህ ሰው እያንዳንዱ በሐላል የሠራው ነገር ተደምሮ ሐራም የሚያስመስል ጥፋት ሲሆን ተውበቱን ማን ያድርግ?

በመዲና አንድ የመስኖ ጠብ ተነስቶ ነበር። ዙበይር (ረ.ዐ.) ከላይ፣ አንድ አንሷሪ ከታች ሆነው በአንድ ቦይ ያጠጣሉ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍርድ የላይኛው አጠጥቶ ውሃውን ወደ ጎረቤቱ እንዲለቅ ነበር። የላይኛው ቅድሚያ አለው፤ ውሃውን ይዞ ለማስቀረት ግን አልተፈቀደለትም። በሐረማያ ዙሪያ ይህን ፍርድ የማያውቅ ገበሬ ያለ አይመስለኝም። የጎደለው እውቀት አልነበረም። ሁሉም ከላይ ሆኖ ነበር፤ ከታች ያለችው ሐረር ግን አትታይም ነበር። በቅርብ ዓመታት ውሃው ወደ ሐይቁ መመለሱ እውነት ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ኮረብታው ላይ የተሠራው እርከንና የጣለው ዝናብ ረድቶታል።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በኸሊፋነታቸው ዘመን፣ በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ሒጃዝን ከባድ ድርቅ መታው። ነፋሱ አመድ የመሰለ አቧራ ስለሚያነሳ ዘመኑ የአመድ ዓመት ተባለ። ዑመር ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ አልቀምስም ብለው በዘይት ብቻ ኖሩ፤ መልካቸው እስኪለወጥ ድረስ። ከሻም እህል የጫነ የግመል ቅፍለት አስመጡ። በረሃብ የሰረቀን ሰው እጅ መቁረጥንም አቆሙ። ዝናብ ፍለጋ ሶላትም ወጡ፤ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አጎት ዐባስን ይዘው ዱዓ አስደረጉ። እኔን የሚደንቀኝ ቅደም ተከተሉ ነው። የመዲና ሰው ወደ ሜዳው ለዱዓ ሲወጣ መሪው አብሮት የራበው ነበር። ሊቃውንቱም ለዝናብ ሶላት ከመውጣት በፊት ሰው እንዲጾም፣ ሰደቃ እንዲሰጥ፣ የሰው ሐቅ ያለበት እንዲመልስ ይመክራሉ። በሶላቱ ላይ ኢማሙ ኩታውን ይገለብጣል። እኔ ያን ጊዜ ለሶላቱ ብወጣ ኖሮ ኩታዬን ገልብጬ፣ ቤት ስደርስ ፓምፑን አስነሳ ነበር።

በዲን ትምህርት ከእኔ በብዙ የሚልቅ አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ነግሬው ሳቀብኝ። «አንተ ፓምፕህን ብታጠፋ ዱብሉቅ ላይ አንዲት ጠብታ አይወርድም። ይልቅ ገንዘብህን አብዝተህ ስጥ። ደግሞ በአንዲት ፓምፕ ይህን ያህል ስትጨነቅ ከተማው ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ የሚያሽገውን፣ አበባ የሚያጠጣውን ለምን አትጽፍበትም?» አለኝ። ግማሹ ልክ ነው። የትንሹን ሰው ሕሊና መቆንጠጥ ትልቁን ሰው ለማሳለፍ ያገለግላል፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዙ አንብበናል። ለድርቅ የተሰበሰበውም ገንዘብ መሰብሰብ ነበረበት፤ ምናልባት ያ ገንዘብ የአንድ ሰው ነፍስ አቆይቶ ይሆናል።

ግማሹን ግን አልተቀበልኩትም። ለቦረና የሰጠሁት ገንዘብ ለጎረቤቴ ያለብኝን አይከፍልልኝም። የሩቁ ሰው ችግር ስጦታ ይጠይቀኛል፤ የቅርቡ ሰው ችግር ደግሞ መተውን። መስጠት ደስ ይላል፣ ሰው ይመርቃል። መተው ግን ማንም አያየውም። ፓምፑ ሲጠፋ ጎረቤቴ ዘንድ ውሃ ይመጣል እንጂ ማን እንደተወላቸው አይታወቅም። ነገሩ የከበደኝም በዚህ ይመስለኛል። ምርቃት የለውም።

ለማንኛውም ያን ጊዜ ከረመዳን በኋላ ፓምፑን አስፈታሁ። ቤተሰቤ በዚህ ደስ አላለውም። ባለቤቴ ለሦስት ሳምንት ያህል ብዙ አላናገረችኝም፤ ልብስ የሚያጥብ፣ ልጅ የሚያጥብ እርስዋ እንጂ እኔ አይደለሁም፣ እኔ በእርስዋ ድካም ጽድቅ እየገዛሁ እንደሆነ ነገረችኝ። እውነቷን ነው። አሁን ውሃ በመጣ ሌሊት ተራ ገብተን እየተነሳን በባልዲ እንሞላለን። ሮቶው ግማሽ ከደረሰ ደህና ነው። የታችኛዋ እናት ቧንቧም አልፎ አልፎ እንጂ ሁልጊዜ አይመጣም፤ ከእኛ በላይ ሌሎች ሁለት ፓምፖች አሉና።

ፓምፑ አሁንም ዕቃ ቤት ውስጥ በጆንያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ከወዲያኛው ማዶ አዲስ የገባ ጎረቤት፣ ጨዋ ሰው፣ ፈጅር የማያመልጠው፣ አራት ልጆች ያሉት፣ ከመስጊድ ስንወጣ ጠጋ ብሎ ሰላም አለኝ። «ወንድሜ፣ የማትጠቀምበት ፓምፕ አለህ ሲሉ ሰማሁ፤ ስንት ትለኛለህ?» አለኝ። እስካሁን አልመለስኩለትም።